ፋይበር ፎቶሜትሪ ከሀ እስከ ፐ፦ ከምትንቀሳቀስ አይጥ አንጎል ሲግናል እንዴት ይቀዳል

እሺ፣ ይሄን የምጽፈው አንድ ጥያቄ በውስጥ መስመር እየተመላለሰ ስለሚመጣ ነው። አዲስ ላብ የገቡ ልጆች፣ አብዛኞቹ አሜሪካ ወይ አውሮፓ ማስተርስና ፒኤችዲ የጀመሩ፣ "ቫይረሱን ወጋሁ፣ ፋይበሩን ተከልኩ፣ ወር ጠበቅኩ፣ ኬብሉን ስሰካው ግን ስክሪኑ ላይ ዝም ያለ መስመር ብቻ፣ ምን ላድርግ?" ይሉኛል፤ ከዛ ኮዳቸውን ይልካሉ። ኮዱን ተዉት። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ብርሃኑ መንገድ ላይ መቅረቱ ነው። ብርሃኑ ከኤልኢዲው ተነስቶ፣ በኬብል ሄዶ፣ አንጎል ገብቶ፣ በዛው መንገድ ተመልሶ ዲቴክተሩ ጋ እስኪደርስ ብዙ መገጣጠሚያ ያልፋል፣ አንዱ ጋ ከተበላሸ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚ እዚህ በየደረጃው እየቆምን "ብርሃኑ እዚህ ደርሷል ወይ?" እያልን ነው የምንሄደው።

ምን እንደምንለካ ባጭሩ። ነርቭ ሴል ሲተኩስ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል። ጂካምፕ የሚባለው ፕሮቲን ካልሲየም ሲይዝ በሰማያዊ ብርሃን ከመቱት ደመቅ ያለ አረንጓዴ ይሰጣል። ይሄን ፕሮቲን በቫይረስ ሴሎቹ ውስጥ እናስገባለን፣ ከላያቸው ቀጭን የመስታወት ፋይበር እንተክላለን፣ በዛው አንድ ፋይበር ሰማያዊውን እንልካለን አረንጓዴውን እንቀበላለን። የምታገኙት የአንድ ሴል ሲግናል አይደለም፤ ከፋይበሩ ጫፍ ሥር ጥቂት መቶ ማይክሮሜትር ውስጥ ያለው ሁሉ ድምር ነው፣ የሴል አካሉም ቅርንጫፉም አንድ ላይ። ሰርግ ቤት አጥር ውጪ ቆሞ እልልታ እንደመስማት ነው፣ እልል መባሉን ታውቃላችሁ፣ ማን እንዳለው ግን አታውቁም። የእያንዳንዱን ሴል ከፈለጋችሁ ሌላ ቴክኒክ ያስፈልጋችኋል፣ እዚሁ ላይ ወስኑ።

ለምሳሌ የምይዘው ቪቲኤ (መሀል አንጎል ውስጥ ያለ ቦታ) ውስጥ ያሉ የዶፓሚን ሴሎችን ነው፣ አይጦቹ ዳት ክሬ ማውስ ናቸው (የዶፓሚን ሴሎቻቸው ክሬ የሚባል ኢንዛይም እንዲሠሩ የተደረጉ)፣ ቫይረሱ ደሞ ክሬ ያለበት ሴል ውስጥ ብቻ የሚበራ ጂካምፕ ነው። ሌላ ቦታ ለምትሠሩ ቁጥሮቹ ይቀየራሉ እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለመቅጃው፦
- 470 ናኖሜትር አካባቢ ኤልኢዲ (ሲግናሉን የሚሰጠው) እና 405 ናኖሜትር ኤልኢዲ (መቆጣጠሪያው)
- ዳይክሮይክ መስታወቶችና (አንዱን ቀለም አሳልፈው ሌላውን የሚመልሱ) ፊልተሮች የተገጠሙበት ትንሽ ሳጥን፣ ሚኒኪዩብ የሚባለው፣ አረንጓዴውን ከ500 እስከ 550 ናኖሜትር አካባቢ የሚያሳልፍ
- ደካማ ብርሃን የሚያነብ ዲቴክተር። ካሜራ ያለው ሲስተም ካላችሁ ዲቴክተሩ ካሜራው ነው
- ፓች ኮርድ (ብርሃኑን ከመሣሪያው ወደ አይጧ የሚያደርሰው ኬብል)፣ 400 ማይክሮሜትር ኮር፣ የራሱ ፍካት ዝቅተኛ የሆነ አይነት። ስትገዙ ይሄን ለይታችሁ ጠይቁ፣ ለኦፕቶጄኔቲክስ (ሴሎችን በብርሃን ለማዘዝ) የተገዛው አሮጌ ኬብል መሳቢያ ውስጥ ስላለ ብቻ አትጠቀሙ
- ከተቻለ ሮታሪ ጆይንት፣ አይጧ ስትዞር ኬብሉ እንዳይጠማዘዝ
- ፓወር ሜትር (የብርሃን ኃይል መለኪያ)። ይሄ ከሌላችሁ ሥራውን አትጀምሩ፣ ተበደሩ
- ዳታ የሚቀበል ቦርድ፣ ቢያንስ አንድ ቲቲኤል (አንድ ነገር የሆነበትን ቅጽበት የሚያመለክት የኤሌክትሪክ ምት) መግቢያ ያለው

ለቀዶ ጥገናው፦
- ስቴሪዮታክሲክ (ጭንቅላቷን ይዞ ቦታውን በልክ የሚያሳይ መሣሪያ)፣ ድሪል፣ ናኖሊትር መርፌ ከፓምፕ ጋር፣ የካኑላ መያዣ
- ካኑላ (አንጎል ውስጥ የሚተከለው ፋይበር ከነማገናኛው)፦ 400 ማይክሮሜትር ኮር፣ ኤንኤው (ብርሃን የሚቀበልበት ማዕዘን ስፋት) ከፓች ኮርዱ ጋር የሚመሳሰል (0.48 ወይ 0.5)፣ የሴራሚክ ፌሩል (ፋይበሩን ጫፉ ላይ የሚይዘው ቀጭን ቱቦ) ያለው። ለቪቲኤ 5 ሚሊሜትር ርዝመት ይበቃል
- የሴራሚክ ስሊቭ (ሁለት ፌሩሎችን የሚያገጣጥም ቱቦ)፣ ብዙ፣ ምክንያቱም ይሰነጠቃሉ
- አይሶፍሉሬን (በመተንፈስ የሚሰጥ ማደንዘዣ)፣ የማሞቂያ ምንጣፍ፣ የዓይን ቅባት፣ በፕሮቶኮላችሁ የተፈቀደ የህመም ማስታገሻ
- የጥርስ ሲሚንቶ፣ ከራስ ቅል ጋር የሚጣበቀው ጠንካራው አይነት፣ እና ጥቁር ማድረጊያ የካርቦን ዱቄት
- 3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ሳላይን፣ ጥጥ

ቫይረስ፦ ኤኤቪ (ጂን ወደ ሴል የሚያደርስ ቫይረስ)፣ ክሬ የሚፈልግ ጂካምፕ፣ እና ለኮንትሮል ያው ኤኤቪ ግን ጂኤፍፒ (በካልሲየም የማይለወጥ አረንጓዴ ፕሮቲን) ብቻ ያለው። ኮንትሮሉን በኋላ አዘዋለሁ ብላችሁ አትተዉት፣ ሪቪወር መጠየቁ አይቀርም፣ ያኔ ወራት ይፈጅባችኋል።

ከመጀመራችሁ በፊት መጠንቀቅ ያለባችሁ

የእንስሳት ፈቃድ ሳይኖር አንድም እርምጃ የለም፤ አሜሪካ ከሆናችሁ አያኩክ (የተቋሙ የእንስሳት ጥናት ኮሚቴ) ያጸደቀው ፕሮቶኮል ላይ ስማችሁ መኖር አለበት፣ ሌላ አገርም የራሱ አለው። እዚህ የምጽፈው የማደንዘዣና የማስታገሻ መጠን ከፕሮቶኮላችሁ ጋር ከተጋጨ የፕሮቶኮላችሁ ያሸንፋል። የአይሶፍሉሬን ትርፍ ጋዝ የሚስብ ሲስተም መክፈት አትርሱ፣ እራስ ምታቱ የእናንተ ነው የሚሆነው። የ405ቱን ጫፍ በዓይን አትዩት፣ ደብዛዛ ስለሚመስል ሰው ይዘናጋል። የተሰበረ ፋይበር መስታወት ነው፣ ጣት ውስጥ ሲገባ አይታይም፣ በስለታም ነገር መጣያ ውስጥ ጣሉት።

ደረጃዎቹ

1. ካኑላዎቹን አንድ በአንድ ፈትሹ። ከሰርጀሪው በፊት ማለት ነው። ፓች ኮርዱ ጫፍ ላይ ያለውን ፓወር ለኩ፣ ከዛ ካኑላውን በስሊቭ ገጥማችሁ በካኑላው ጫፍ የሚወጣውን ለኩ። ከ80 ፐርሰንት በታች ካሳለፈ ጣሉት ወይ ለልምምድ አስቀምጡት። ሁለቱንም ጫፍ በማይክሮስኮፕ እዩ፣ የተሸረፈ ወይ የተጫረ ካለ አይሆንም። ለምን? አንዴ ሲሚንቶ ውስጥ ከገባ መቀየሪያ የለውም፣ አይጧን ነው የምታጡት። ያለፉትን ቁጥራቸውን ጽፋችሁ ለየብቻ አስቀምጡ፣ በኋላ "ይቺ አይጥ ለምን ደከመች?" ስትሉ ትመለሱበታላችሁ።

2. ሲስተሙን ያለ አይጥ ሞክሩት። መጀመሪያ ፓች ኮርዱን አብሩትና አሳድሩት፣ ኤልኢዲዎቹን ከፍ አድርጋችሁ፣ ጫፉ ጨለማ ቦታ ተሸፍኖ። ኬብሉ ራሱ ይፈካል፣ ይሄ ፍካት በብርሃን ብዛት እየደከመ ይሄዳል። ይሄን ካላደረጋችሁ አይጧ ላይ ስትቀዱ የኬብሉን መድከም የአንጎል ሲግናል መቀነስ አድርጋችሁ ታዩታላችሁ።

ከዛ ጫፉን ቢጫ ሃይላይተር የተቀባ ወረቀት አስጠጉት። ሲጠጋ ሲግናሉ መውጣት፣ ሲርቅ መውረድ አለበት። 470ውን አጥፉት፣ የ470 ቻናል ዜሮ አካባቢ መውረድ አለበት፤ 405ቱን ስታጠፉ ደሞ የ470ው ቻናል ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከተነቃነቀ ሁለቱ እየተቀላቀሉ ነው። ሁለቱን ኤልኢዲ በተለያየ ፍሪኩዌንሲ የሚያርገበግብ ሲስተም ከሆነ ፍሪኩዌንሲዎቹ የመብራት ኃይሉ ብዜት እንዳይሆኑ ተጠንቀቁ፤ አሜሪካ 60 ኸርዝ ነው፣ አውሮፓ፣ እስራኤልና ኢትዮጵያ 50። 211 እና 531 ኸርዝ ብዙ ሰው የሚጠቀምባቸው ለዚ ነው። ካሜራ ያለው ሲስተም እያፈራረቀ ስለሚያበራ ይሄ አይመለከተውም።

3. አይጧን አደንዝዙና ጭንቅላቷን አስተካክሉ። አይሶፍሉሬን ለማስተኛ ከ3 እስከ 4 ፐርሰንት፣ ከተኛች በኋላ ከ1 እስከ 2። ጣቷን ቆንጠጥ አድርጉ፣ እግሯን ከሳበች ገና ነች። ማስታገሻውን አሁኑኑ ስጡ፣ ሰርጀሪው ካለቀ በኋላ ሳይሆን። ዓይኗን ቅቡ፣ ሰውነቷ 37 ዲግሪ አካባቢ ይቆይ፤ የቀዘቀዘች አይጥ ማደንዘዣ ላይ እያለች ትሞትባችኋለች።

ቆዳውን ከፍታችሁ የራስ ቅሉን በፐርኦክሳይድ አጽዱና አድርቁ፣ ብሬግማና ላምዳ (የራስ ቅሉ አጥንቶች የሚገጥሙባቸው ፊትና ኋላ ያሉ ሁለት ነጥቦች) ቁልጭ ብለው መታየት አለባቸው። አሁን ማስተካከል። የብሬግማና የላምዳ ከፍታ ልዩነት ከ0.05 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። ከዛ ከመሀል መስመሩ ግራና ቀኝ 2 ሚሊሜትር ሄዳችሁ ከፍታውን አወዳድሩ፣ እሱም እኩል ይሁን። ሰው የመጀመሪያውን ያደርግና ሁለተኛውን ይዘላል። ቪቲኤ ከ4 ሚሊሜትር በላይ ጥልቅ ነው፣ ላይ ላይ ትንሽ ዘንበል ያለ ጭንቅላት ታች ስትደርሱ ሌላ ቦታ ይጥላችኋል። እዚህ ላይ ግማሽ ሰዓት ብትፈጁ እንኳ አይቆጭም።

4. ቫይረሱን ውጉ። ለቪቲኤ ከብሬግማ 3.1 ሚሊሜትር አካባቢ ወደ ኋላ፣ 0.5 ወደ ጎን፣ 4.4 አካባቢ ወደ ታች። ይሄ መነሻ ነው፣ በአይጦቻችሁ ዕድሜና ዘር ትንሽ ይለያያል፣ ስለዚ መጀመሪያ አንድ ሁለት አይጥ ላይ ሞክራችሁ አንጎሉን ቆርጣችሁ እዩ። ደሞ ጥልቀቱን ከየት ጀምራችሁ እንደምትለኩ ወስኑ፣ ከራስ ቅሉ ነው ከአንጎሉ ገጽ? ላብ ውስጥ አንዱ እንዲህ ሌላው እንዲያ የሚለካ ከሆነ ዳታችሁ ተደበላለቀ ማለት ነው።

0.5 ጎን ማለት ትልቁ የደም ሥር አጠገብ ማለት ነው፣ ድሪሉን ቀስ። ከደማ አትደንግጡ፣ በቀዝቃዛ ሳላይንና በጥጥ ጠብቁ፣ ሳይቆም መርፌ አታውርዱ፣ የረጋ ደም ፋይበሩ ጫፍ ላይ ከተለጠፈ ብርሃኑን ይጋርደዋል።

ከ300 እስከ 500 ናኖሊትር፣ በደቂቃ ከ50 እስከ 100 ናኖሊትር ፍጥነት። ሲያልቅ 10 ደቂቃ ጠብቁና በጣም በዝግታ አውጡ፣ አለዚያ ቫይረሱ የመርፌውን መንገድ ተከትሎ ወደ ላይ ይመለሳል። መርፌው መደፈኑን ከማውረዳችሁ በፊት ትንሽ ጠብታ አየር ላይ አስወጥታችሁ እዩ፤ አንጎል ውስጥ የተደፈነ መርፌ ምልክት አይሰጥም፣ ፓምፑ እየሄደ ነው፣ እናንተ ደስ ብሏችኋል፣ ወር ቆይቶ ነው የምትሰሙት። ቫይረሱን ደሞ በረዶ ላይ አቅልጡ፣ ቀልጦ የተረፈውን መልሳችሁ አታቀዝቅዙ። በሚሊሊትር ከ1 እስከ 10 ትሪሊዮን ፓርቲክል ያለው ይበቃል፣ "ብዙ ይሻላል" የሚባል ነገር የለም። ጂካምፕ ሲበዛ ሴሉን ያሳምመዋል፣ ኒውክሊየሱን ይሞላዋል፣ ብሩህ ነው ግን አይንቀሳቀስም።

5. ፋይበሩን አውርዱ። ከወጋችሁበት ጥልቀት ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ይቁም፤ ብርሃኑ ወደ ታች ስለሚሰበሰብ ሴሎቹ ከሥሩ መሆን አለባቸው፣ ሴሎቹን ከበሳችኋቸው ደሞ የምትቀዱት የሞቱትን ነው። በደቂቃ 1 ሚሊሜትር ወይ ከዛ በዘገመ ፍጥነት። 400 ማይክሮሜትር ለአይጥ አንጎል ወፍራም ነገር ነው፣ ስትቸኩሉ ቲሹውን እየገፋ ይወርድና በኋላ ቲሹው ሲመለስ የቆመበት ቦታ ያሰባችሁት አይሆንም።

6. በሲሚንቶ አጣብቁ። የራስ ቅሉ ፍጹም ደረቅ ይሁን፣ በስካልፔል ጫር ጫር አድርጉት ሲሚንቶው እንዲይዝ። መጀመሪያ ጠንካራውን፣ ከዛ ከላይ በካርቦን የጠቆረውን። ጥቁሩ ለውበት አይደለም፣ የክፍሉ መብራት በሲሚንቶው አልፎ ፋይበሩ ውስጥ እንዳይገባ፣ የኤልኢዲው ብርሃን ደሞ ወጥቶ አይጧን እንዳይረብሻት ነው። ከፌሩሉ 3 ወይ 4 ሚሊሜትር ያህል ንጹህ ሆኖ ከላይ ይቅር፣ ስሊቩ የሚይዘው እሱን ነው። ሲሚንቶ ፌሩሉ ላይ ከወጣ ስሊቩ እስከ ታች አይገባም፣ መሀል ላይ ክፍተት ይቀራል፣ ብርሃኑ እዛ ይቀራል። መያዣውን ሲሚንቶው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አትልቀቁ። ከዛ የአቧራ ክዳን።

7. ጠብቁ። ማስታገሻ ለ2 ወይ 3 ቀን፣ ክብደት በየቀኑ። አብረው የሚኖሩ አይጦች አንዳቸው የሌላውን ካኑላ ያኝካሉ፣ የምግብ ማስቀመጫው ዝቅ ያለበት ኬጅ ደሞ ካኑላውን ይመታዋል፣ ሁለቱንም እዩ። ለጂካምፕ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ስጡት። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ብትሰኩ ትንሽ ነገር ልታዩ ትችላላችሁ፣ ግን ገና እየጨመረ ስለሆነ የዛሬውን ከሚቀጥለው ሳምንት ጋር ማወዳደር አትችሉም።

በዚህ ጊዜ አይጧን አልምዷት፤ በእጅ መያዝ፣ ከዛ ኬብል ሰክቶ መልቀቅ፣ ለተወሰኑ ቀናት። ያልለመደች አይጥ ኬብሉን ስትታገል ነው የምትውለው፣ የምትቀዱት ጭንቀቷን ይሆናል።

8. ስትሰኩ እንዲህ ስኩ። አሁን ዋናው ጋ ደረስን። በየቀኑ፣ በየአይጧ፦ የኬብሉን ጫፍም የካኑላውን ጫፍም ፀጉር በማይተው ማጽጃና በ70 ፐርሰንት አልኮል ጥረጉ፣ ይድረቅ። ስሊቩን በብርሃን እዩት፣ ስንጥቅ ካለ ቀይሩት። ኬብሉን ስትገፉት ፌሩል ከፌሩል ጋር ሲነካካ እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል፣ ያ ስሜት ከሌለ አልገባም። ስሊቩ ሲሠራ ጎኑ ላይ በተተወው ክፍት መስመር በኩል አጮልቃችሁ እዩ፣ ሁለቱ ነጫጭ ጫፎች መሀል ክፍተት መታየት የለበትም። ክፍተት ካለ ሲግናሉ ይደክማል ብቻ ሳይሆን አይጧ ራሷን ባንቀሳቀሰች ቁጥር ክፍተቱ ይጠባል ይሰፋል፣ ይሄ ደሞ ልክ የአንጎል ሲግናል መስሎ ይመጣል።

ፓወሩን ሁሌ ከመጀመሪያዋ አይጥ በፊት ለኩ። 470ው ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 50 ማይክሮዋት መሀል ይሁን፣ እኔ 30 አካባቢ ነው የምወደው። ሲግናል ሲደክም ፓወር መጨመር ይቀናል፤ አታድርጉት፣ ጂካምፑን ታቃጥሉታላችሁ፣ ነገ የባሰ ይደክማል።

9. ከመቅዳታችሁ በፊት የ1 ደቂቃ ፍተሻ። ኬብሉን ከአይጧ ሳትሰኩ፣ ጨለማ ውስጥ፣ የሁለቱን ቻናል ቁጥር ጻፉ። ከዛ ሰክታችሁ ጻፉ። የ470ው ቁጥር በግልጽ ካልጨመረ የምታዩት የኬብሉን ፍካት ነው፣ ወይ ጂካምፕ የለም ወይ ብርሃኑ አልደረሰም። ይሄን ቁጥር በየቀኑ የሚጽፍ ሰው ችግሩን በ1 ደቂቃ ያገኘዋል፣ የማይጽፍ ሰው ወር ይፈልጋል። ዲቴክተሩ ጣሪያ እንዳልነካም እዩ፤ ጣሪያ ከነካ ሲግናሉ ከላይ የተቆረጠ ይሆናል።

10. ቅዱ። አብርታችሁ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ መጀመሪያ ላይ ሲግናሉ በፍጥነት ይወርዳል፣ ይሄ ፍካቱ በብርሃን ብዛት መድከሙ ነው። የመጀመሪያ ቀን የተወሳሰበ ኤክስፐርመንት አታድርጉ። ለቪቲኤ ዶፓሚን ሳይታሰብ የመጣ ስኳር ውሃ ወይ ጣፋጭ ፔሌት ስጧት፣ 470ው ቶሎ ከፍ ብሎ መውረድ አለበት፣ 405ቱ ዝም። ይሄን ካያችሁ በቃ፣ ሲስተሙ ይሠራል። ክፍሉን ደብዘዝ አድርጉ፣ የፍሎረሰንት መብራት ካለ አጥፉ።

ቲቲኤሉን አትርሱ። ስኳሩ የወጣበትን፣ ድምፁ የተሰማበትን እያንዳንዷን ቅጽበት የባህሪ ሳጥኑ ራሱ በቀጥታ ወደ ፎቶሜትሪ ቦርዱ ይላክ። በእጅ ሰዓት አይቶ ማስታወሻ መያዝ አይሠራም፤ የምትፈልጉት ለውጥ ከ1 ሰከንድ በታች ነው። ቪዲዮም ከቀዳችሁ ካሜራው የሚያየው ትንሽ መብራት በዛው ቲቲኤል ይብራ፣ በኋላ ለማመሳሰል።

11. ዳታውን አስሉ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ጣሉ። ሁለቱንም ቻናል ከ10 ኸርዝ በታች አለስልሱ፣ ጂካምፕ ራሱ ከዛ ፈጥኖ ብዙ አይሄድም። ከዛ 405ቱን በመስመራዊ ሪግሬሽን ወደ 470ው ልክ አምጡት፣ ያገኛችሁት "የተገመተው" መስመር ነው። ከ470ው ላይ የተገመተውን ቀንሱ፣ ውጤቱን በተገመተው አካፍሉ፣ ይሄ ነው ዴልታ ኤፍ በኤፍ የሚባለው።

ለምን 405? በዛ ቀለም ሲመታ የጂካምፕ ፍካት በካልሲየም ብዙም አይለወጥም፣ ግን ኬብል ሲታጠፍ፣ አይጧ ስትዘል፣ ፍካቱ ሲደክም እሱም አብሮ ይለወጣል። ስለዚ 470 ላይ ያለው ነገር 405 ላይም ከታየ አንጎል አይደለም። ግን በጭፍን አትቀንሱ። የሪግሬሽኑ ስሎፕ ኔጌቲቭ ከወጣ ቁሙ፤ 405 የካልሲየም ሲግናሉን ገልብጦ እያሳየ ሊሆን ይችላል፣ ያን ስትቀንሱ ሲግናል ትፈጥራላችሁ። እንዲህ ሲሆን ድካሙን በኤክስፖኔንሺያል ከርቭ አስተካክላችሁ 405ቱን ለማየት ብቻ ተጠቀሙበት። በጂካምፕ ፋንታ ዶፓሚንን ራሱን የሚለካ ሴንሰር የምትጠቀሙ ደሞ የራሱን ሴንሰር ባህርይ እዩ፣ 405 ለሁሉም እኩል አይሠራም።

በየክስተቱ ዙሪያ ቁረጡ፣ ከክስተቱ በፊት ያለውን ጥቂት ሰከንድ ቤዝላይን አድርጋችሁ ዚ ስኮር (ከቤዝላይኑ በስንት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን እንደራቀ) አስሉ። ኮድ መጻፍ የማይሆንላችሁ ጉፒ ወይ ፒማት የሚባሉት ሶፍትዌሮች ነጻ ናቸው፣ ግን የጥሬውን ዳታ ሳታዩ አማካዩን አትመኑ። ስታቲስቲክሱ ላይ ቁጥራችሁ የአይጥ ብዛት ነው እንጂ የሙከራ ብዛት አይደለም፤ ከ4 አይጥ የተገኘ 200 ሙከራ 200 ናሙና አይሆንም።

12. አንጎሉን እዩ። በመጨረሻ በ4 ፐርሰንት ፓራፎርማልዳይድ ፐርፊውዝ አድርጉ (አንጎሉን ለማቆየት በደም ሥሮቿ ማሳለፍ)፣ ጭስ በሚስበው ፊውም ሁድ ሥር። ከፐርፊውዥን በኋላ ፋይበሩን ወዲያው አትንቀሉት፣ ከነራስ ቅሉ ፓራፎርማልዳይድ ውስጥ ይደር፣ መንገዱ ጥርት ብሎ ይቀራል። የፋይበሩ ጫፍ የትና ጂካምፑ የት እንደሆነ በአትላስ ላይ ምልክት አድርጉ። ቦታው ላይ ያልሆነች አይጥ ትወጣለች፣ ሲግናሏ ቢያምርም። ማን እንደሚወጣ የሚወስነውን መስፈርት ዳታውን ከማየታችሁ በፊት ጻፉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

መስመሩ ላይ ድንገት ቀጥ ያለ ደረጃ ከታየ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም፣ ማገናኛው ተንሸራቷል። አንጎል እንዲህ አይዘልም። ያን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ስሊቩን ቀይሩ።

አይጧ በዞረች ቁጥር የሚመላለስ ቀርፋፋ ማዕበል ካለ ሮታሪ ጆይንቱ ነው። ያለ አይጥ በእጃችሁ አዙሩት፣ ማዕበሉ ከመጣ ተረጋገጠ።

ሁለቱም ቻናል እኩል የሚዘል ከሆነ እንቅስቃሴ ነው፣ እኩል ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ድካም ነው፣ ሁለቱም በጣም ከፍ ብለው ምንም የማይነቃነቁ ከሆነ ደሞ ወይ ኬብሉ የራሱ ፍካት እንዲደክም በርቶ አላደረም (ደረጃ 2) ወይ የክፍል መብራት እየገባ ነው። መብራቱን አጥፍታችሁ ወረደ ወይ እዩ።

ቁጥሩ ስትሰኩ ጥሩ ይጨምራል፣ ግን ስኳር ሲመጣ ምንም? ፍካት አለ ማለት ነው እንጂ ለውጥ የለም። ሁለት ነገር ጠርጥሩ፦ ቫይረሱ በዝቶ ሴሎቹ ታመዋል፣ ወይ ፋይበሩ ከዶፓሚን ሴሎቹ ወጣ ብሏል። መልሱን ማይክሮስኮፕ እንጂ ኮድ አይሰጣችሁም።

የመጀመሪያ ሳምንት ግሩም የነበረ ሲግናል እየደከመ ከሄደ ፓወሩን ዝቅ አድርጉ፣ ሴሽኑን አሳጥሩ፣ በየቀኑ ካልሆነ በአንድ ቀን ልዩነት ቅዱ። የፌሩሉን ጫፍም በማይክሮስኮፕ እዩ፤ ያላጸዳችሁት ቆሻሻ በየቀኑ ስትገፉበት ጫፉን ይጭረዋል።

አይጧ ማደንዘዣ ላይ እያለች ሲግናል የለም ብሎ መደምደም ሌላው ነው። አይሶፍሉሬን እንቅስቃሴውን ያዳክመዋል፣ ነቅታ ሞክሯት።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁም ካልሆነ ጻፉልኝ፣ ግን አራት ነገር ይዛችሁ፦ ያልተነካ የ470 እና የ405 ዳታ፣ የዛን ቀን የፓወር ቁጥር፣ ኬብሉ ሲሰካና ሳይሰካ ያለው ቁጥር፣ እና ካለ የአንጎሉ ፎቶ። በመጨረሻ የተሠራውን ቆንጆ ግራፍ አትላኩልኝ፣ ከሱ ላይ ምንም አይታይም።